ከፕላስተሩ ሥር ያለች ስም

ኦዲሎን ቫን ሁለ ቸርኬ ሠሪ ነበር። ቸርኬ ስል ጎማ የሚለብሰውን ክብ፣ መሃል ያለውን ሞዞና ሁለቱን የሚያያይዙትን ሽቦዎች በሙሉ ማለቴ ነው። ብስክሌት የሚጠግን ሁሉ ቸርኬ አቃናለሁ ይላል። ኦዲሎን ከባዶ ነበር የሚሠራው። ክቡን፣ ሞዞውንና ሠላሳ ሁለት ሽቦ ስትሰጠው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሃያ ዓመት የሚዞር ነገር ይመልስልሃል።

በከተማችን በሄራርድስበርገን፣ ከዳገቱ ግርጌ ባለው ወርክሾፑ አብሬው አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሊስቤት እባላለሁ። እሱ ሊስ ይለኛል፣ እኔ አለቃ እለዋለሁ። ቸርኬውን እሱ፣ ፍሬንና ሰንሰለቱን፣ ዲናሞና መብራቱን እኔ። ሲበዛበት ቸርኬም እሠራ ነበር፤ ደህና አድርጌ እሠራለሁ፣ የእሱን ያህል ግን አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ አለው፤ እሱን በቁልፍ ስታጠብቀው ሽቦው ይወጠራል። ኦዲሎን ሽቦዎቹን እንደ ክራር ክር በጥፍሩ እየመታ ያዳምጣል። የላላው ወፍራም ድምፅ፣ የጠበቀው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ጆሮ ግን ግማሹ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ሽቦው ራሱ አብሮ ይጠመዘዛል፤ ያንን ጥምዘዛ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘህ ካልፈታኸው ቸርኬው መቆሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ይታይና መንገድ ሲወጣ በአሥረኛው ኪሎ ሜትር ይወላገዳል። ጥምዘዛውን ጆሮ አይሰማውም፣ ዓይን አያየውም። ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው።

አንድ ልማድ ነበረው። ጎማው ከመግባቱ በፊት ዳዶዎቹ ካላማዳሪውን እንዳይበሱት ክቡ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። ከዚያ ፕላስተር ሥር የጣት ስፋት ያላት ወረቀት ያስቀምጣል፤ ስሙና ቀኑ ተጽፎባታል። ደንበኛው ስለመኖሯም አያውቅም። ለምን እንደሚጽፍ በመጀመሪያው ሳምንቴ ጠየቅሁት።

"ቸርኬው የተሰበረ ቀን የሚከፍተው ሰው ማንን እንደሚሳደብ ይወቅ" አለኝ።

እስከማውቀው ድረስ የሰደበው ሰው አልነበረም።

በእኛ ከተማ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ቢኖር ቄሱ ነው፤ እሳቸውም ጉልበታቸው ስለታመመ ነው። የኦዲሎን ፍቅር ግን የአንድ ቀን እሽቅድምድም አልነበረም። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ከከተማችን አደባባይ ተነሥቶ፣ ወደ ፒሬኔ ተራሮች ወርዶ፣ በአልፕስ ዞሮ ወደዚሁ ወደ ዳገታችን የሚመለስ ውድድር ነበር፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር። ተከታይ መኪና የለም። ከተነሣህ እስክትገባ ራስህን ችለህ ነው። ምግብም፣ ጎማም፣ መኝታም መግዛት ይፈቀዳል፤ ግን ለማንኛውም ተወዳዳሪ እኩል ክፍት ከሆነ ቦታ። ወዳጅህ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቢያቀብልህ ስምህ ይሰረዛል። መንገድ ላይ የቆመ ዳኛ ስለሌለ ከሳሹም ተከሳሹም አንተው ነህ። ኦዲሎን የሚወደው ይህንኑ ነበር።

ሁለቴ ሞክሮ ሁለቴም አልጨረሰም። በመጀመሪያው ሆዱ ከዳው። በሁለተኛው አንገቱ ጭንቅላቱን መሸከም አቃተው፤ የራስ ቁሩን ከኋላ በካላማዳሪ ወደ ወገቡ አስሮ ሌላ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ መንገዱ ሁለት ሆኖ ሲታየው ወረደ። ሦስተኛውን ሲመዘገብ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነበር። የመጨረሻዬ ነው አለ። ሚስቱ ሮዘሊን፣ ባለፈውም የመጨረሻዬ ብለህ ነበር አለችው። ያኔ የመጨረሻዬ ያልኩት ሳልጨርስ መግባቱን ነው ብሎ መለሰላት።

ጁን ወር ሙሉ የሮዘሊን የዱቄት ሚዛን ወርክሾፕ ውስጥ ከረመ። ያልተመዘነ ነገር አልነበረም። የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆረጠው። የሸሚዙን ምልክት ከአንገቱ ላይ ተረተረ። ሁለት ካላማዳሪ ይበቃል፣ ሦስተኛው ይቅር፤ ማንኪያ ትሁን፣ ሹካ ትቅር። ዕቃው ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ አሁንም ከሚፈልገው በላይ ሆነበትና ዓይኑ መሪው ላይ ዐረፈ። መሪው ከተጠቀለለበት ፋሻ ሥር እጅ የሚያርፍበት ለስላሳ ንጣፍ አለ። አውጪው አለኝ። አወጣሁና ሚዛኑ ላይ አኖርኩት፤ ሰማንያ ስድስት ግራም። በላዩ የነበረውንም ወፍራም ፋሻ አንሥቼ ቀጭን የጥጥ ፋሻ ጠቀለልኩለት። በራሴ እጅ ነው የጠቀለልኩት፤ እንዲያውም አሁን ብስክሌት መሰለ ብዬዋለሁ።

በውድድር ጊዜ እያንዳንዱ ነጂ በካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ነው። ካርታውን ሱቅ ውስጥ ከቡና ማሽኑ አጠገብ ከፍተነው እንውላለን። ደንበኛው ሁሉ ሰንሰለት ሊገዛ መጥቶ ሐኪም ይሆናል፤ ነጥቧ ቆመች፣ ተኛ ማለት ነው፤ ነጥቧ ፈጠነች፣ ቁልቁለት ላይ ነው። የኦዲሎን ነጥብ ሳምንት ሙሉ ደህና ሄደች። አሥራ አራተኛ ነበር፤ እኔም ሮዘሊንም ያላሰብነው ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከሮዘሊን ጋር በሱቁ መኪና ተነሥተን ፖንታርሊየ የምትባል ከተማ ድረስ ሄድን። ቆሞ ማጨብጨብ አይከለከልም። ከከተማው መውጫ ካለች ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ጠበቅነው። ሲመጣ ከሩቅ አወቅሁት፤ አነዳዱ ግን የእሱ አልነበረም። መሪውን በመዳፉ አልያዘም፤ በእጁ አንጓ ተደግፎበታል።

ወርዶ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደገፈ። በመሪው ቀኝ በኩል ካልሲ ታስሮበታል። ግራው ራቁቱን ነው፤ ብረት።

ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ከአልፕስ ሲወርድ ዝናብ ፋሻውን እንደበላው፣ አንዱን ካላማዳሪ ለመጠቅለያ ሊያደርገው ሲል ጎማው እንደተበሳ፣ የቀረችውን አንዲቱን ደግሞ ለክፉ ቀን እንደያዛት ነገረኝ። ሲነግረኝ የብስኩት ማሸጊያ በጥርሱ እየቀደደ ነበር። ጣቶቹ አብረው አይመጡለትም።

የሥራ ጃኬቴን ነበር የለበስኩት። ኪሴ ውስጥ አንድ ጥቅል የመሪ ፋሻ አለ፤ ሁልጊዜም አለ። አወጣሁት።

"አስገቢው" አለኝ።

"ልሽጥልህ። አሥራ ሁለት ዩሮ።"

"የሱቅሽ በር የት ነው?"

"በር ምን ያደርጋል? እስኪመሽ እዚሁ እቆማለሁ፤ ለመጣው ሁሉ እሸጣለሁ።"

"ስንት ጥቅል አለሽ?"

"አንድ።"

"ከኋላዬ አሥራ ዘጠኝ ሰው አለ" አለ። "ለእነሱ ምን ልትሸጪላቸው ነው፣ ካልሲሽን?"

ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን። ፋሻውን ኪሴ መለስኩት።

ሮዘሊን ግን እጁን አየችው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። ምን ሆኑ ስትለው ተኝተዋል፣ ስገባ ይነቃሉ አለ። ይህ በእኛ ዘንድ ተራ ወሬ ነው። ረጅም መንገድ የነዳ ሰው ሁሉ ጣቱ ይደነዝዛል፤ እኔም አንድ ዓመት ለሦስት ሳምንት ደንዝዞብኝ ያውቃል። ፊትህ በፀሐይ ተላጠ እንደማለት ነው፤ እንዲያውም የሚኮራበት አለ። እንጀራችን በእጅ ሆኖ ሳለ የእጅን ነገር እንዲህ አቅልለን ማውራታችን ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ይገርመኛል።

"ኦዲ፣ የምንበላው በዚህ እጅ እኮ ነው" አለችው።

"ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ነው የቀረኝ፣ ሮዚ። ሁለቴ ሳልጨርስ ገብቻለሁ። ሦስተኛውን በጣት ምክንያት ላቋርጥ?"

ነገ ሰኞ ነው፣ ሱቅ ሲከፈት ፋሻ ግዛ አልኩት። እሺ አለ። በእጁ አንጓ ተደግፎ ወጣና ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቃችንን ከፍቼ ካርታው ፊት ቆምኩ። ነጥቧ ጫካ ውስጥ ነበረች። ብስክሌት ቤት ያለበት የቅርቡ ከተማ ከመንገዱ በስተግራ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ሃያ ሁለት። ከኋላው ሁለት ነጥቦች ተጠግተውታል። መገንጠያው ጋ ሲደርስ ነጥቧ ቆመች። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አራት። ከዚያ ቀጥ ብላ ሄደች።

ደውዬ ታጠፍ አላልኩትም። መደወል እርዳታ ይሆናል ብዬ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገባ። መጨረሻው ከከተማችን በላይ ያለው የድንጋይ ንጣፍ ዳገት ነው፤ በደህና መሪ እንኳ ጥርስ ያናጋል። እሱ በባዶ ብረት ወጣው። አሥራ አራተኛ። ሰው ጨፈረ፣ የከተማችንን የእርጎ ኬክ አቀረቡለት፣ ቢራም ሰጡት። ብርጭቆውን መያዝ አቃተውና በሁለት አንጓው መሃል አጣብቆ ጠጣ። እንደ ድብ ጠጣ ብለው ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ።

ኦገስት አለቀ፣ ጣቶቹ አልነቁም። ሸሚዙን ሮዘሊን ትቆልፍለት ጀመር። ሴፕቴምበር ላይ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ መርፌ እየሰኩ በኤሌክትሪክ መረመሩት። አንጓው ላይ ያለው ነርቭ ተጨፍልቋል፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ከተመለሰም በዓመት በሁለት ዓመት ነው። ቀኝ እጁን በቀዶ ጥገና ከፈቱለት። ለውጥ የለም። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል የነበረው ሥጋ እንደ ደረቀ ኩሬ ጎደጎደ።

ሥራ ግን አላቆመም። ቁልፉን በጡጫው ጨብጦ፣ በክርኑ እየገፋ፣ በሁለት ሰዓት የሚያልቀውን በአምስት ሰዓት ይጨርሳል። ሽቦዎቹን ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ጆሮው እንደ ድሮው ነበር። መጨረሻ ላይ ብዕሩን በጡጫው ይዞ የስሙን ወረቀት ይጽፋል፤ ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ገዝፏል፣ ወረቀቷ አልበቃ ብላ ስሙን ማሳጠር ጀምሯል።

በዚያው በሴፕቴምበር ሦስት ቸርኬ ተመለሰ። በአሥራ ሰባት ዓመት አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ጥምዘዛው አልተፈታም። ሁለቱን እሱ ሳይኖር ተቀብዬ አቃናሁና ሰጠሁ። ሦስተኛውን ራሱ ተቀበለ። ባለቤቱ ሲነግረው ኦዲሎን ቸርኬውን አዙሮ አየና፣ ይቅርታ፣ ነገ ና አለው። የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ አንድ ነገር ጀመርኩ። እሱ ሱቅ የሚገባው ሁለት ሰዓት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ጀመርኩ። ትናንት የጨረሰውን ቸርኬ መቆሚያው ላይ አወጣለሁ፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አላላለሁ፣ ጥምዘዛውን እፈታለሁ፣ መልሼ እወጥራለሁ። ፕላስተሩን አልነካም፤ ወረቀቷ እንዳለች ትቆያለች። ሲገባ ቡና አፍልቼ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ቸርኬ መመለሱ ቆመ። ኦዲሎን ዘና አለ። አንድ ቀን እንዲያውም፣ ጣት ለካ ትርፍ ነገር ነው፣ ዋናው ጆሮ ነው አለኝ። እኔም ልክ ነህ አለቃ አልኩት።

ሃያ ሦስት ቸርኬ እንዲህ አለፈ።

ጃንዋሪ ላይ ኖር የምትባል ፖስተኛ መጣች። ለበጋው ረጅም ጉዞ ትዘጋጅ ነበርና የኋላ ቸርኬዋን ኖቬምበር ላይ ነበር የወሰደችው። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ነድታበታለች፤ ፀጉር ያህል አልተወላገደም። እንዲህ ያለ ቸርኬ ነድቼ አላውቅም አለችው። ጎማ ልትቀይር ነበር የመጣችው። ኦዲሎን ደስ አለው፤ ጎማውን እኔ ልቀይርልሽ አላት።

እኔ ከጓዳው ነበርኩ። ድምፁ ሲጠፋ ወጣሁ። ቸርኬውን መስኮቱ ጋ ወስዶ ወደ ብርሃን ይዞታል። የሚያየው ዳዶዎቹን ነው። የእሱ ቁልፍ ከአባቱ የቀረ አሮጌ ነው፤ አፉ ተበልቷል፣ ዳዶውን በሁለት ማዕዘን ብቻ ይነክሰዋል። የእኔ አዲስ ነው፤ አራቱንም ይይዛል። የሁለቱ ቁልፎች ንክሻ ለስላሳው የዳዶ ነሐስ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ይህን ማንም ሌላ ሰው አያየውም።

ጎማውን ቀየረ፣ ኖርን ሸኘ፣ የበሩን ሰሌዳ ወደ "ዝግ" ገለበጠው። ጠዋት አራት ሰዓት ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሴፕቴምበር" አልኩት።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አይጮህም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። እጆቹን ጭኑ ላይ አኑሮ አያቸው።

"ፖንታርሊየ ላይ ያን ፋሻ አልወሰድኩም" አለ። "እጄን የሰጠሁት ለዚያ ነው፣ ሊስ። ሰው ሳይነካኝ ገባሁ ለማለት። አንቺ ደግሞ ያንኑ ፋሻ በየጠዋቱ ኪሴ ውስጥ ስትከቺ ከረምሽ።"

"ይሄ ውድድር አይደለም፣ አለቃ። ሱቅ ነው። ሰው ሱቁ ውስጥ ይረዳዳል።"

"ወረቀቷ ላይ ያለው የማን ስም ነው?"

የሽቦ ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ ከእሱ ቁልፍ አጠገብ አኖርኩት።

በማግሥቱ መዝገቡን አውጥቶ ለሃያ ሦስቱም መደወል ጀመረ። ቁጥሩን እኔ እመታለሁ፣ እሱ ያወራል። ቸርኬህን ለአሥር ደቂቃ አምጣው ይላል። ምን ሆነ ሲሉት ምንም፣ ቸርኬው ደህና ነው፣ ከላዩ የሚነሣ ነገር አለ ይላል። አንዳንዱ አእምሮው ተነካ እንዴ ብሎ እኔን በጎን ጠይቆኛል። ቢሆንም መጡ፤ ሰው ያከብረዋል። እኔ ጎማውን አወልቃለሁ። ፕላስተሩን እሱ በመዳፉ ጠርዝ እየፋቀ ይልጣል፣ ወረቀቷን ያወጣል፣ ስሙን በጡጫው ይሰርዛል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይገፋታል። ከሥር የእኔን ስም እጽፋለሁ። አልጽፍም ብዬው ነበር በመጀመሪያ። ታዲያ ሲሰበር ማንን ይስደቡ? አለኝ። ጻፍኩ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሃያ ሁለቱ አለቁ። አንዱ ባለቤቱ ቸርኬውን ይዞ ስፔን ወርዷል፣ ለፋሲካ ነው የሚመለሰው ተባለ። ኦዲሎን የአባቱን ቁልፍ ምስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ሱቁን ለእኔ አስረክቦ ቤቱ ገባ። ተመለስ እያልኩ ስንት ቀን ሄድኩ። ቢያንስ ደንበኛ ተቀበል፣ ስልክ አንሣ፣ ጆሮህን እንኳ አምጣልኝ አልኩት። ሮዘሊን በሩ ላይ ትሸኘኝና ዛሬም ከወንበሩ አልተነሣም ትለኛለች። ሐኪሙ የሰጠውን የላስቲክ ኳስ ሳይጨብጠው ውሻው በላው።

የመጨረሻው ቸርኬ በሜይ መጣ። ባለቤቱን ለአንድ ቀን አውሰኝ ብዬው ይዤው ወደ ኦዲሎን ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እንደ በፊቱ ፕላስተሩን ሊፍቅ ሞከረ፤ እነዚያን ወራት ሁሉ ስላልሠራበት መዳፉም ደክሟል። እኔ ላጥኩት። ወረቀቷ ወጣች፤ በትልልቅ ፊደል "ኦዲ"፣ ከሥሯ ቀኑ። ብዕሩን በሁለት አውራ ጣቶቹ መሃል አጣብቆ ሰረዘ። መስመሩ ከወረቀቷ አልፎ የሮዘሊን ጠረጴዛ ላይ ወረደ። እኔም ስሜን ጻፍኩ፣ ፕላስተሩን መለስኩ።

ቸርኬውን ላነሣ ስል ቆይ አለኝ። በጥፍሩ አንዱን ሽቦ መታው፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ቀጥሎ ያለውን፤ ሠላሳ ሁለቱንም ዞረው። ጭንቅላቱን አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር።

"ደህና ሠርተሽዋል" አለ። "አንዷ ብቻ፣ ከነፋስ መሙያው ቀዳዳ አራተኛዋ፣ ትንሽ ላልታለች።"

ሱቅ ተመልሼ መቆሚያው ላይ አወጣሁት። አራተኛዋ ላልታ ነበር። ሩብ ዙር አጠበቅኋት፣ ጥምዘዛዋን በጣቴ ይዤ ፈታሁ።